ጃካርታ 10 ሚሊዮን ወይስ 42? እንደ አቆጣጠሩ ነው
በአስተዳደር ወሰን ከሄድን፣ እ.ኤ.አ. በ2020ው የኢንዶኔዥያ ቆጠራ ጃካርታ 10.56 ሚሊዮን ሰው አላት። የተባበሩት መንግሥታት የ2025 የከተሞች ዘገባ ግን 42 ሚሊዮን ገደማ ሰጥቷት ከቶኪዮ አስቀድሟታል። የተለወጠው መስፈሪያው ነው። አዲሱ ዘዴ መሬቱን በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸነሽንና ቢያንስ 1,500 ሰው ያለባቸውን ተያያዥ ክፍሎች ይገጣጥማል፤ ድምሩ 50,000 ከሞላ ከተማ ነው። በጎረቤቷ ከተማ በዴፖክ አድሮ ጠዋት በባቡር ጃካርታ የሚገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው ስሌት የሌላ ከተማ ነዋሪ ነው፤ በሁለተኛው የዚያችው።

ለከተማው በጀት የወሰን ቆጠራው ይበቃል። ለባቡርና ለጎርፍ መከላከያ ግን አዲሱን እመርጣለሁ፤ ጎርፍ ወሰን አያውቅማ! በቀድሞው ዘዴ የተሠራውን የተባበሩት መንግሥታት የ2018 ዘገባ ቁጥር ከ2025ቱ ጋር በአንድ ግራፍ ከቀጠሉት፣ በሰባት ዓመት አራት እጥፍ ያደገች የሌለች ጃካርታ ትወጣለች።