ለጦር ጉዳተኛና ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፦ እንደ አገልግሎት ስንት ኮከብ ይገባዋል?

ውጤቱን ከወዲሁ ልናገር፤ ከ5 ኮከብ 2 ተኩል። የምሰጠው ለአንድ አገር ወይም ለአንድ ቢሮ አይደለም። በጦርነት አካላቸውን ላጡና ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች መንግሥታት የሚሰጡት ነገር ሁሉ፣ ጡረታው፣ አበሉ፣ ሕክምናው፣ ሰው ሠራሽ እግሩ፣ አንድ ላይ እንደ አገልግሎት ሲታይ ነው። ሐውልቱ፣ የአበባ ጉንጉኑና ንግግሩ የሉበትም። እነሱ ቢካተቱማ ሁሉም 5 ይደፍን ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መለኪያዬ አንድ ነው። ማስረጃውን ፍለጋ የሚንከራተተው ማን ነው? ባለጉዳዩ ነው ወይስ ቢሮው? የገንዘቡ መጠን፣ የወንበሩ ምቾት፣ የሠራተኛው ፈገግታ ሁሉም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም ምልመላ ጊዜ ቤትህ ድረስ መጥቶ በስምህ የጠራህ መንግሥት፣ ክፍያ ጊዜ ሲደርስ «ማን ልበል?» ይልሃል። እዚህ ላይ ነው ብዙው አገልግሎት የሚወድቀው።

አንድ ዘመዴን ይዤ እንዲህ ያለ ቢሮ ሄጄ አውቃለሁ፤ የቱ ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ትሁት ነው። የፈለገው፣ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከክፍሉ አዛዥ እንዲመጣለት ነው። ክፍሉ ከፈረሰ ቆይቷል፣ አዛዡም እዚያው ውጊያ ላይ ነው የሞተው። ዘመዴ ምንም ሳይናገር ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሰው ሠራሽ እግሩን አሳየው።

«ጋሼ፣ እሱንማ አየሁ፤ የቸገረኝ ወረቀቱ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱማ ከእግሬ ጋር ቀረ።»

ሳቁ፣ ሁለቱም። ፋይሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ለዚህ ክፍል 1 ኮከብ፤ እሱም ለሠራተኛው ጨዋነት።

እዚህ ላይ ፈረንሳዮች የሠሩትን ማድነቅ ግድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ማርች 31 ቀን 1919 የወጣው የጡረታ ሕጋቸው ነገሩን ገለበጠው። ከዚያ በፊት ጉዳቱ ከውትድርናው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ወታደሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከአገልግሎቱ እንደመጣ ተቆጥሮ ይጀመራል፣ አይደለም ባይ ከሆነ መንግሥት ራሱ ያስረዳ ተባለ። ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት፣ ልቅ አልነበረም። ግን ሌላም ነገር ጨመሩበት፤ ገንዘቡ ችሮታ ሳይሆን የካሣ መብት ነው ብለው ሕጉ ላይ አሰፈሩት። ሰው ቢሮ ሲገባ ለልመና መግባትና የራሱን ሊጠይቅ መግባት አንድ አይደለም፤ ከአረማመዱም ይታወቃል። ለዚህ ሕግ 4 ተኩል።

አሜሪካኖች ወደዚህ ሐሳብ የመጡት በጉትጎታ ነው። የቬትናም ጦርነት በ1975 አለቀ። ጫካው ላይ ሲረጭ ከነበረው ኤጀንት ኦሬንጅ ከሚባለው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል ጋር የተያያዙ በሽታዎችን ያለ ብዙ ክርክር ለመቀበል መንገድ የከፈተው ሕግ የወጣው ግን በ1991 ነው። 16 ዓመት! በመካከሉ ስንቱ ታሞ፣ ስንቱ ተከራክሮ፣ ስንቱ ሞቷል። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱን የተነፈሱትም ለዓመታት «ማስረጃ አምጡ» ሲባሉ ኖረው፣ በኦገስት 2022 የወጣው ሕግ ከ20 በላይ በሽታዎችን ዝርዝር ውስጥ አስገባላቸው። አሁን ቦታው ላይ ነበርክ፣ በሽታህ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ አለቀ። ከሳንባ ሐኪም እስከ ጭሱ ያለውን ሰንሰለት አንተ አትቀጥልም። አሠራሩ ግሩም ነው፣ የዘገየበት ነገር ነው የሚያናድደው።

ወደ ሕክምና ቦርዱ እንግባ። የትም ሂዱ፣ ነገሩ የሚያልቀው በፐርሰንት ነው። ሰው ቁጥር ይሆናል። መጀመሪያ ሲሰሙት ይዘገንናል፣ ግን ቁጥር ባይኖር በትውውቅ ይሆን ነበርና እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። የአሜሪካኑን ሰንጠረዥ እንይ። ከጉልበቱ በታች እግሩ የተቆረጠ 40 በመቶ። የሚሠራበትን እጁን ያጣ 70፣ ሌላኛውን ያጣ 60። ግራኝ ከሆንክ ደግሞ ይገለበጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠየቀው በየትኛው እጅህ እንደምትጽፍ ነው።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ድምሩ ነው። ለአንዱ ጉዳት 50፣ ለሌላው 30 የተሰጠው ሰው 80 አገኘሁ ብሎ ደስ ሲለው ወረቀቱ 70 ይላል። እንዴት? መጀመሪያ 50ው ይነሳል። ጤነኛ ተብሎ ከቀረው ግማሽ ላይ 30 በመቶ ሲሰላ 15 ነው። 50 እና 15፣ 65። ወደ አስር ሲጠጋጋ 70። ሎጂክ አለው፤ ማንም ሰው ከመቶ በላይ ሊጎዳ አይችልም ከሚል ይነሳል። ግን ይህንን መስኮት ላይ ሆኖ ለባለጉዳይ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ ሠራተኛ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ ይወጣል።

የሰው ሠራሽ እግሩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ብዙ በጀት ያዥ እግር ማለት አንዴ ሰጥቶ የሚገላገሉት ዕቃ ይመስለዋል። የተቆረጠው እግር ጫፍ ግን ሕይወት አለው። በቀን ውስጥ እንኳ መጠኑ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ልክክ ያለው ማታ ይላላል፣ ለዚህ ነው ካልሲ ደራርበው የሚውሉት። ክብደት ሲጨምር ይጠባል፣ ሲቀንስ ይሰፋል። ልኩን ያልጠበቀ እንደሆነ ቆዳው ይላጥና ሰውየው አውልቆት ወደ ክራንቹ ይመለሳል፤ እግሩ አልጋ ሥር ይቀመጣል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን «ተሰጥቷል» ይላል። አንድን አገልግሎት መፈተን ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን እግር መቼ ሰጣችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ የጥገናውንም ወረፋ ጠይቁ።

ደግሞ አለ በየጊዜው «ቅረብ» የሚሉት ነገር። ሕመሙ ሊሻሻል የሚችል ሰው እንደገና ቢታይ አልቃወምም። እግሩ የተቆረጠን ሰው እንደገና መጥራት ግን በቅሎ ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው እንዴ?

ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። በጥንቷ አቴንስ ድሃ የሆነ አካል ጉዳተኛ ከከተማዋ የዕለት ድጎማ ይቆረጥለት ነበር፤ ነገር ግን ሸንጎ ፊት ይመረመራል። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት አንዱ «ይሄ ሰው ፈረስ ይጋልባል፣ ጤነኛ ነው» ተብሎ ተከሰሰ። የመልሱ ጭብጥ እስከ ዛሬ ተርፏል፦ እኔ በሁለት ምርኩዝ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሩቅ መንገድ ሲገጥመኝ ፈረስ እዋሳለሁ፣ ሀብታም ብሆን ኖሮ የራሴ በቅሎ አይኖረኝም ነበር? ዛሬ ፈረሱ የፌስቡክ ፎቶ ሆኗል። አንዱ ጉዳተኛ ሲስቅ ወይ ሲደንስ የታየ ቀን «ይሄ ነው ታማሚ?» የሚል አይጠፋም። በተለይ ቁስሉ የማይታይ ከሆነ። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው ያ ቅዠትና ድንጋጤ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ላይ ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ (PTSD) የገባው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰው ፎርሙ ላይ የሚሞላው ሳጥን እንኳ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

የሟች ቤተሰብ ጋ ስንመጣ ኮከቤ ይወርዳል። ለወታደሩ የሚጠየቀው ወረቀት ነው፤ ለሚስቱ ግን ጠባይዋም ይጠየቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ባሏ የሞተባት ሴት ትጠጣለች ወይም ከወንድ ጋር ትኖራለች ከተባለ አበሏ ሊቋረጥ ይችል ነበር፤ ወሬውን ፖሊስ እስከማጣራት ይደርስ ነበር። እንግዲህ ባሏን ለአገር ሰጥታ፣ በጎረቤት ወሬ እንጀራዋን ታጣለች። ትዳር ብትይዝም ይቋረጣል። እዚያው እንግሊዝ፣ ያገባች የጦር ሟች ሚስት አበሏን እስከ ዕድሜ ልክ ይዛ እንድትቀጥል የተደረገው ከአፕሪል 2015 ጀምሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ዕድሜዋ ይታያል፤ ሳይቋረጥባት ለማግባት 57 ዓመት መሙላት ነበረባት፣ ከ2021 ወዲህ 55 ሆኗል። የዚህ ዓይነት ሕግ ውጤቱ ይታወቃል፤ ሰዎች ሳይጋቡ አብረው ይኖራሉ፣ ወይም ተደብቀው ይዋደዳሉ። 1 ኮከብ፣ ከዚያም ቢቀነስ አይከፋኝም።

ወላጆችንም አትርሱ። ያላገባ ልጅ ሲሞት የሚጦራቸው እሱ የነበሩ አባትና እናት ብዙ ጊዜ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ናቸው፣ ያውም በልጃቸው ይተዳደሩ እንደነበር ካስረዱ። ደረሰኝ ተሰጥቶበት የሚጦር እናት የት አለ?

ከሁሉም የከፋው የጠፋ ሰው ቤተሰብ ነው። ሞቷል የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። የሞት ማስረጃ ከሌለ የተተኪ አበል የለም፤ ደመወዙም አንድ ቀን ይቆማል። ሞተ አስብሎ በፍርድ ቤት ለማስወሰን ደግሞ ሚስትየዋ ራሷ በገዛ እጇ «ባሌ ሞቷል» ብላ መፈረም አለባት። ስንቷ ናት ይሄን እያሰበች ዓመት የምትቆጥረው። ጥሩ የሚባል አገልግሎት ሰውየው ጠፍቷል በሚለው ብቻ ጊዜያዊ ክፍያ ይጀምራል፣ ክርክሩን በኋላ ያደርገዋል።

ለልጆቹ የተሻለ ነገር አለ። ፈረንሳይ በጁላይ 1917፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ አባታቸው የሞተባቸውን ልጆች አገሪቱ እንደ ልጅ ትቀበላለች የሚል ሕግ አወጣች፤ ለማሳደጊያና ለትምህርት የሚሆን ድጋፍ እስከ 21 ዓመታቸው። ሳይዘገይ መውጣቱን ወደድኩለት። 4 ኮከብ።

ገንዘብ ሚኒስቴሮች የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ርዝመቱ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አለቀ። የዚያ ጦርነት የመጨረሻዋ ተጧሪ፣ የአንድ ወታደር ልጅ፣ ያረፈችው በ2020 ነው። አባቷ በስተርጅና ነው የወለዳት። የምታገኘው በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነበር። መንግሥት እንዳይከስር የሚፈራ ሰው ይሄን ቁጥር ደጋግሞ ያንብበው። ተጧሪ ደግሞ ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር ይማርበት፤ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ የማያድግ አበል ከዓመታት በኋላ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ፎርም ስትሞሉ «ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ በየስንት ጊዜው ነው የሚስተካከለው በሉ።

መጦሪያ ቤት ወይስ ገንዘብ የሚለው ክርክርም አለ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1670 ፓሪስ ላይ አንቫሊድ የሚባለው የወታደሮች መጦሪያ እንዲሠራ አዘዘ፣ እንግሊዞችም በ1682 የራሳቸውን መጦሪያ ቼልሲን ለንደን ላይ ጀመሩ። ሕንፃቸው እስከ ዛሬ ሰው ይጎበኘዋል። ነገር ግን ቼልሲ ውስጥ ከሚኖሩት ይልቅ ገንዘቡን እየተቀበሉ በየቤታቸው የሚኖሩት እጅግ ይበዙ ነበር። አይገርምም። ሰው በራሱ ቤት ይታመማል። ቤት ውስጥ ለምታስታምመው ሚስት ወይም እናትስ? አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ ለአስታማሚዋም ክፍያ ጀመረች፣ መጀመሪያ ላይ ለቅርብ ጊዜዎቹ ጦርነቶች ጉዳተኞች ብቻ ቢሆንም። ሌሎች ቶሎ ቢቀዱት ደስ ይለኛል፤ ያቺ ሴት በነፃ የምትሠራው ሥራ በነርስ ቢሰላ በጀቱን ያናጋዋል።

ለጀማሪ ባለጉዳይ የምለው ትንሽ ነው። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ። አብሮ የነበረ ጓደኛ በሕይወት ካለ ቃሉን ዛሬ ጽፎ ይፈርም፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ቦርድ ፊት ስትቀርቡ ጀግንነት ይቅር፤ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልል» የሚል ወታደር ራሱን በ20 በመቶ ያስቀንሳል። ውሳኔው ካልጣማችሁ ይግባኝ አለ፣ ብዙ ሰው የሚተወው ደጅ መጥናት ስለሰለቸው ነው። ቀነ ገደቡን ግን እዩት፤ አሜሪካ ውስጥ ውሳኔው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ነው፣ ሌላ ቦታ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ ማኅተሙ ላይ ካለው ቀን ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።