ለሙሻ ደሴት ነጠላ ድንኳን ይሻላል ወይስ ድርብ?

ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ተሻግሮ፣ ባሕሩን ይዞ በእግር እየዞሩ ማደር ለድሬ ሰው ሩቅ አይደለም። ድንኳን ስንገዛ ግን ቀድሞ የሚታየን ዝናብ ነው። እዚያ የሚፈትነው ሙቀት፣ ጨውና ትንኝ ነው።

ነጠላው፣ ባለ አንድ ልብሱ ድንኳን፣ ርካሽና ቀላል ነው፤ ቶሎ ይተከላል። ጉዱ የሚወጣው ሌሊት ነው። የባሕሩ አየር እርጥብ ስለሆነ ትንፋሽና ላብ ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የመረብ መስኮቶች ካሉት ለአንድ ሌሊት ይበቃል፤ ከሌሉት አትግዙት።

ድርቡ ውስጡ እንደ አጎበር መረብ፣ ላዩ ውሃ የማያስገባ ልብስ ነው። ሰማዩ ከጠራ ላዩን አንስታችሁ በመረቡ ብቻ ታድራላችሁ፤ ነፋሱም እንደልቡ ያልፋል። ዋጋውና ክብደቱ ከፍ ቢልም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጅቡቲ የተገኘችው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በ2022 በበጋ ድሬዳዋን በወባ ያመሰችው ናት። በትንኝ የሚተላለፉትን ደንጌንና ቺኩንጉንያን ላየ የድሬ ሰው የመረብ ጥቅም አይነገረውም። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ሳትከፍሉ ዘርጉት፤ መረቡን በብርሃን እዩት፣ ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ።

ልብሱ ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ናይለን ሲርስ ይለጠጣል፣ ፀሐይም ቶሎ ይበላዋል። የአሉሚኒየም ዘንግ ጠንካራና ቀላል ነው፣ ግን ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጨው ይበላዋል። ፋይበርግላስ ጨው አይነካውም፣ ከባድና ተሰንጣቂ ነው እንጂ። ቀጭን የብረት ካስማ አሸዋ ላይ አይያዝም፤ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ ገመዱን እሰሩበትና ቅበሩት።

በዛፍ ላይ የሚንጠለጠል አልጋ አልመክርም፤ ማንግሮቩ (ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) ላይ መታሰር የለበትም። ለመኝታ ሽርጥና ስስ ምንጣፍ ይበቃል። ኮራሉ (የባሕር ዛጎል ድንጋዩ) ስለታም ስለሆነ ለእግር ጉዞው ሸበጥ ሳይሆን ሽፍን ጫማ ያስፈልጋል።

ድንኳኑን ማዕበሉ የተወው የደረቀ የባሕር ሣር ካለበት መስመር በላይ ትከሉ፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትወለድ ውሃው ይበልጥ ይወጣል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ነጠላውም ድርቡም አያስተኛም።