የሰርግ ፎቶዬን ለእናቴ ላደረሱልኝ አባት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ትናንት ማታ እማዬ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ስልኩን አንስቼ ሃሎ ሳልል እልልታዋ ጆሮዬ ገባ። የሰርጌ ፎቶ ደርሷታል። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተመላለስኩበት፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ስለዚህ ዛሬ ሥራ ከመግባቴ በፊት ይህን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ምስጋናው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፎቶ ማተሚያ ላላቸው አባት ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የሰርግም ሆነ የክርስትና ፎቶ ማሳተም ከፈለጋችሁ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ።

ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ተይ ልጄ፣ የፈለገኝ ሰው አንቺን ይጠይቅ" አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

ያገባነው ባለፈው ሰኔ ነው፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ። እማዬ ቪዛ ስላላገኘች አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁን፣ በመልሱ ካባ ለብሰን ስንገባ፣ እሷ ደብረ ብርሃን ሆና በእህቴ ስልክ ነበር የምታየን። ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር "አሁን ምን ላይ ደረሱ?" እያለች ትጠይቅ ነበር አሉ። ፎቶዎቹ ሲወጡ በቴሌግራም ላክንላት። በጣቷ እያሰፋች ፊቴን ብቻ ታያለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጠፋባታል። አንድ ቀን "ልጄ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር የእኔ አይመስለኝም። በወረቀት አውጥተሽ ላኪልኝ፣ ከአባትሽ ጎን እሰቅለዋለሁ" አለችኝ። አባቴ ካረፈ 11 ዓመቱ ነው። ፎቶው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው ያለው።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ለፎቶ አንሺው ብቻ 3,200 ዶላር ከፍለናል። ሥራውም በጣም ያምራል፣ እሱን መካድ አልችልም። አገር ቤት ቢሆን አልበሙም፣ ትልቁ ላሚኔትም፣ ፍላሹም በአንድ ላይ ነው የሚሰጠው። እዚህ ግን የተላከልን ሊንክ ብቻ ነው። 40 ፎቶ መረጥኩና ቤታችን አጠገብ ወዳለ ትልቅ መደብር ሄድኩ።

የፎቶው ክፍል ሠራተኛ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። "ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው። ኮፒራይት (የቅጂ መብት) አለሽ?" አለኝ። እኔ ነኝ እኮ፣ የራሴ ሰርግ ነው አልኩት። ቀለበቴን ሁሉ አሳየሁት። "ወሳኙ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አይደለም፣ ያነሳው ነው" አለኝና ከኋላዬ ወደቆመው ደንበኛ ዞረ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁሉም ያዩኛል። ዕቃ ሰርቄ በር ላይ የተያዝኩ ያህል ነው የተሰማኝ። የተናገረው ነገር ትክክል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ግን የቱ ጋ ልሂድ፣ ማንን ልጠይቅ፣ አንዲት ቃል አልነገረኝም።

ሌላ ቦታ ሞከርኩ። እነሱ ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ አተሙልኝ። በደስታ ፖስታውን መኪና ውስጥ ቀደድኩት። ፊታችን አመድ መስሏል። ቬሎዬ ቢጫ ሆኗል። የባለቤቴ ፊት ከጥቁር ሱፉ ጋር ተቀላቅሎ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ተመልሼ ስጠይቅ "ከፋይሉ ነው፣ እኛ ምንም አላደረግንም" አሉኝ። ፋይሉን ስልኬ ላይ እያሳየኋቸው! 58 ዶላሬን በልተውኝ ቀሩ። ይህን ለእናቴ እንዴት ልላክ? ልጄ ታማለች ብላ እንቅልፍ አይወስዳትም።

በመጨረሻ ለፎቶ አንሺው ቢሮ ጻፍኩ። መደብሩ የጠየቀኝ ኮፒራይት ስለሆነ እኔም "ኮፒራይቱን እፈልጋለሁ" አልኩ። ሦስት ሳምንት ዝም አሉኝ። ከዚያ መልሱ መጣ፤ ኮፒራይቱ 1,500 ዶላር፣ ካልሆነም በእነሱ በኩል ማሳተም ይቻላል፣ 8 በ10 ኢንች የሆነው አንዱ 65 ዶላር። ቤት ኪራይ ከፍለን ባዶ እጃችንን የቀረንበት ሳምንት ነበር። አንዲት ጓደኛዬ "ጥጉ ላይ ያለውን ስም በስልክሽ ቁረጪውና ራስሽ ያነሳሽው ነው በያቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው" አለችኝ። ላደርገው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ጋሼን የጠቆሙኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት ናቸው። ማተሚያ ቤቷ አንድ ክፍል ናት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ቤተሰብ በሙሉ የተነሳነው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስለ ዋጋ ሳያነሱ፣ ስለ ወረቀት ሳያነሱ፣ ቀና ብለው "እናትሽ የት አሉ?" አሉኝ።

ያን ሁሉ ሰው ባለበት ፎቶ ውስጥ የጎደለውን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንባዬ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ከዚያ እሳቸውም "ያለ ፈቃድ አላትምልሽም" አሉኝ። ልቤ ውርድ አለ። ስለ መቁረጡ ነገር አነሳሁባቸው። "አይሆንም ልጄ። ይሄ የሰው እንጀራ ነው፣ እኔም በዚሁ ነው ልጆች ያሳደግኩት" አሉ። ግን አላባረሩኝም። ወንበር ሳቡልኝ። "የተፈራረማችሁት ውል አለ?" አሉኝ። ኢሜይሌ ውስጥ ነበር፣ አንብቤው አላውቅም። መነጽራቸውን አወረዱና ከስልኬ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ደንበኛ ሲገባ "አንድ ጊዜ ይታገሡኝ" እያሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። አራተኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ደንበኛው በጽሑፍ ከጠየቀ ለግል መገልገያ የማተሚያ ፈቃድ ይሰጠዋል ይላል። ያለ ክፍያ!

"አየሽ፣ አንቺ ቤቱን ልግዛ ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው። የፈለግሽው ግን ገብቶ ማደር ብቻ ነው" አሉኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም ያልነገረኝ ይኸው ነው። የቅጂ መብቱ ሌላ፣ የማተሚያ ፈቃዱ ሌላ። መብቱን ከገዛሽ እንደ ባለቤት መሸጥም ትችያለሽ፣ ስለዚህ ውድ ነው። ፈቃዱ ግን ለራስሽና ለዘመድ አትመሽ እንድትሰጪ ብቻ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ከተጠየቁ ይሰጡታል፣ አንዳንዶቹም ከፎቶዎቹ ጋር አብረው ይልኩታል። እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ያነሳው ፎቶ ባለቤት ራሱ ነው። መብቱን ፈርሞ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የከፈለው ሰው ባለቤት አይሆንም። በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 70 ዓመት የእሱ ነው። ከ1978 በፊት ግን በአብዛኛው ከፍሎ ያስነሳው ሰው ነበር እንደ ባለቤት የሚቆጠረው።

ጋሼ ወጣት ሳሉ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሠርተዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ፎቶ ያጥቡ ነበር። የአባቴ ፎቶ ጀርባ ላይ ሐምራዊ ማህተም እንዳለ ትዝ ብሎኝ ነገርኳቸው። ሳቅ አሉ። "እኛም ማህተሙን የምንመታው ለዚሁ ነበር፣ የማን ሥራ እንደሆነ እንዲታወቅ" አሉኝ። በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ጥበቃ እንደሚሰጥ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ልጅ ሆኜ ማህተሙን በጣቴ እየነካሁ እጫወትበት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። አምስት መስመር ነው። አመሰገንን፣ የውሉን አንቀጽ ጠቀስን፣ 43 ፎቶ ለግል መገልገያ ለማተም ፈቃድ ጠየቅን፣ እናቴ ሰርጉን ስላላየች እንደሆነ ጨመርን። ዋጋ የሚባል ቃል የለበትም። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ፈቃድ ተልኮልኝ መጣ፤ ከታች "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ" የሚል አለበት። ፎቶ አንሺውንም በዚህ አመሰግነዋለሁ። ያ ሁሉ ወር ያለፈው አንድ ቃል አሳስቼ ስለጠየቅሁ ነው።

ፈቃዱን ይዤ ስሄድ ጋሼ ወዲያው ማተም አልጀመሩም። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ አወጡ። መስኮቱ ጋ ወሰዱኝና "እጅሽን አምጪ" አሉኝ። ቁራጩን ከእጄ ጎን ይዘው ትክ ብለው አዩ። "ቀይ በዝቷል" አሉና ጣሉት። ሁለተኛ አወጡ፣ እሱም አልጣማቸውም። ስለ ቀለም፣ ስለ ማሽኑ ብዙ አስረዱኝ፣ እኔ ግን ምንም አልገባኝም። ሦስተኛው ሲወጣ ግን ገባኝ። ፊታችን የእኛ ፊት ነው። የካባው ጥልፍ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። የባለቤቴ ሱፍና ፊቱ ተለይተዋል። ለተጣሉት አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

ዋጋውን ልንገራችሁ። 4 በ6 የሆኑት 40ዎቹ 16 ዶላር፣ 8 በ10 የሆኑት ሁለቱ 12፣ ለግድግዳ የሚሆነው ትልቁ 28። በድምሩ 56 ዶላር። በአመድ ፊት ላወጣሁት ከከፈልኩት በሁለት ዶላር ያንሳል።

ሳልወጣ እርሳስ ሰጡኝ። "እናትሽ የባልሽን ዘመዶች አያውቋቸውም። ከጀርባው ማን ማን እንደሆነ ጻፊላቸው። በእርሳስ ይሁን፣ ስክሪብቶ ያልፋል" አሉኝ። ተቀምጬ 43ቱም ላይ ጻፍኩ። ትልቁ ላይ የፎቶ አንሺውንም ስም እንድጽፍ አደረጉ። ከዚያ ትልቁን ጠቅልለው ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስገቡልኝ። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ልትሄድ ዓርብ ነበር በረራዋ፣ ከዚሁ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ። ካርቶኑን በእጇ ይዛ ገባች።

እማዬ ትናንት ስንት ነገር ነገረችኝ መሰላችሁ። የባለቤቴን አጎቶች በስም እየጠራች ሰላምታ ላከችላቸው። "እጅሽ ላይ ያለው ጠባሳ ይታያል፣ ምጣዱ ያቃጠለሽ" አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የተቃጠልኩት። ስልክ ላይ አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር። "ለሰውዬው እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው በይልኝ" አለች። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

እባካችሁ ሂዱ። ፎቶ ያላሳተማችሁ፣ ተበሳጭታችሁ የተዋችሁት፣ ስልካችሁ ውስጥ ዓመታት የቆለፋችሁበት ሁሉ ሂዱ። ጋሼ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስትሄዱ ከፎቶ አንሺያችሁ ጋር የተፈራረማችሁትን ውል ይዛችሁ ሂዱ። የጠፋባችሁም ሂዱ፣ ደብዳቤውን አብረዋችሁ ይጽፋሉ።