ሄርውድ ሃውስ በአናጺ ዓይን

ብይኔን ከፊት ላስቀድም። ሊድስና አካባቢው ለምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ለምትመጡ ሰዎች፣ ሄርውድ ሃውስ፣ እንግሊዝ አገር ከሊድስ ወጣ ብሎ ያለው የድሮ መኳንንት ቤት፣ የመግቢያ ገንዘቡ የሚቆጭ ቦታ አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ ያዙለት። ፎቶ ተነስቶ ለመመለስ ከሆነ የከተማው ፓርኮች በነጻ ናቸው፣ እዚያ ሂዱ።

ሙያዬ እንጨት ነው። አዲስ አበባ የቤት ዕቃ እሠራ ነበር። እዚህ ደግሞ የሰው ኩሽና ውስጥ ቁም ሳጥን እገጥማለሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ወደ እንጨቱ ቢያደላ አትፍረዱብኝ። የሄድኩት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ከመጡት አክስቴ ጋር ነው። የእሳቸው ዓይን የሚያርፈው ሌላ ነገር ላይ ነው።

ከሊድስ ወደ ሃሮጌት የሚሄደው 36 ቁጥር አውቶብስ የግቢው በር አካባቢ ያወርዳል። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ግን የሚናቅ አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ መኪና ያለው ወዳጅ ፈልጉ። አክስቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አሉና «አንተ፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ግቢ ነው?» አሉኝ። የአንድ ቤተሰብ ነው እቴቴ፣ አልኳቸው። «ታዲያ ልጆቹ ሳይካፈሉት እንዴት ቀረ?» አሉ። ትኬት ሳንቆርጥ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ቤተሰቡ ላስልስ ይባላል። ማዕረጋቸው የሄርውድ ኧርል ነው። በእንግሊዝ መኳንንት ተዋረድ ዱክ አንደኛ ነው፤ ከሥሩ ማርኩዊስ፣ ከዚያ ኧርል፣ ከዚያ ቫይካውንት፣ መጨረሻ ላይ ባሮን። ቤቱን ያየ ሰው እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ጌቶች የነበሩ ይመስለዋል። አልነበሩም። አዲስ ሀብታም ነበሩ። ሄንሪ ላስልስ የሚባለው ሰው ባርቤዶስ ደሴት፣ ብሪጅታውን ወደብ ላይ የጉምሩክ ሹም ነበር። ስኳር ነገደ። ባሪያ ነገደ። ለስኳር እርሻ ባለቤቶችም በወለድ አበደረ። በ1738 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን መሬት ገዛ።

የድሮዎቹን ባላባቶች ማየት የፈለገ ግቢው ውስጥ ያለችው የኦል ሴይንትስ ቤተ ክርስቲያን ይግባ። ስድስት ጥንድ ባልና ሚስት ከአልባስተር ድንጋይ ተቀርጸው፣ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የመጀመሪያዎቹ የ1419፣ የመጨረሻዎቹ የ1510 ናቸው። አንዱ የእንግሊዝ ዋና ዳኛ የነበረው ዊልያም ጋስኮይን ነው። የጋስኮይኖች አሮጌ ቤት ጎቶርፕ እዚሁ ነበር። የላስልሶች አዲሱ ቤት ሲያልቅ ፈረሰ።

አዲሱን ያሠራው የሄንሪ ልጅ ኤድዊን ነው። ሥራው በ1759 ተጀመረ፣ በ1771 ተገባበት። አርክቴክቱ የዮርኩ ጆን ካር፣ የውስጡን ጌጥ የነደፈው ሮበርት አዳም፣ መስኩንና ሐይቁን ያሳመረው ኬፓቢሊቲ ብራውን። የቤት ዕቃውን የሠራው ቶማስ ቺፔንዴል። ከያንዳንዱ ሙያ በዘመኑ ስም ያለውን መርጦ ነው የጠራው። ገንዘብ ካለ ምን ችግር አለ።

ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ራቁቱን የቆመ ግዙፍ አዳም ነው። ጄኮብ ኤፕስታይን ከአንድ አልባስተር የጠረበው፣ የ1938 እና 39 ሥራ። አክስቴ «በስመ አብ!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ብቻቸውን አይደሉም። ሐውልቱ አዲስ በነበረ ጊዜ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ ላይ ሰው እየከፈለ የሚስቅበት ትርኢት ሆኖ ነበር። እዚህ ያመጣው ሰባተኛው ኧርል ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ጋለሪ የሚባለው ክፍል ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ያያል። እናንተ መስኮቶቹን እዩ። ከእያንዳንዱ መስኮት በላይ፣ የመጋረጃውን ዘንግ የሚሸፍን ከባድ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እጥፍጥፍ ብሎ ወርዷል። ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። ጠጋ በሉ። ጨርቅ አይደለም፣ እንጨት ነው! ቺፔንዴል ቀርጾና ቀብቶ ጨርቅ አስመስሎታል። እጥፋቱ ከሥር ሲያልፍ የሚጥለው ጥላ ሳይቀር ልክ ነው። የዘርፉ ክር ለየብቻ ተለይቷል። መሮ ይዞ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንጨት ወደ ጎን ስትቀርጹት እንዴት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ያንን ቀጭን ጠርዝ ሳይሰብር ማውጣት ልብ ይፈልጋል። እዚያው ተተክዬ ስቀር አክስቴ «ምነው፣ የተበደርከውን ሰው አየህ እንዴ?» አሉኝ።

ቺፔንዴል የተወለደው እዚሁ ቅርብ፣ ኦትሊ ውስጥ ነው፣ በ1718። የሄርውድ ሥራ በሕይወቱ ካገኛቸው ሁሉ ትልቁ ነበር። የአገሬው ልጅ ለንደን ሄዶ ስም አወጣ፣ ከዚያ የአገሩ ሀብታም አሠራው። ከሥራዎቹ አንዷን ብቻ እይ ብባል ኮሞዷን፣ ያቺን ጌጠኛ የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን፣ እመርጣለሁ፤ ዳያና እና ሚኔርቫ የምትባለውን፣ የ1773ቷን። 86 ፓውንድ ተከፍሎባታል፣ በዚያ ዘመን። መሬቷ ሳቲንውድ የሚባል ቢጫ እንጨት ነው፣ ሁለቱ የጥንት አማልክት በዝሆን ጥርስ ገብተውባታል። መሃሏ ወደ ውስጥ ጎድጉዳለች። ስስ የእንጨት ልባስ ቀጥ ያለ ፊት ላይ መለጠፍ ማንም ይችላል። ጎድጓዳ ላይ፣ ያለ ማሽን፣ ሳይጨማደድ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ250 ዓመት በኋላም አላበጠም።

ትልቁ አልጋ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አረንጓዴ ሐር የለበሰ፣ ጉልላት ያለው፣ ንጉሥ በእንግድነት ቢመጣ ተብሎ የተሠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሦስተኛው ኧርል ሚስት ሌዲ ሉዊዛ ቤቱን በአርክቴክት ቻርልስ ባሪ ስታስቀይር ክፍሉ ሳሎን ሆነ፣ አልጋውም ተነቅሎ ዕቃ ቤት ገባ። ከመቶ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነው መልሶ የተጠገነው። እውነቱን ለመናገር ወርቁ በዝቶብኛል። አክስቴም «እዚህ ላይ እንቅልፍ ይወስዳል?» አሉ። የመኝታ ሳይሆን የመታያ አልጋ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጥሩ የቤት ዕቃ በብዛት የተሠራበት ማሆጋኒ ከጃማይካና ከአካባቢው አገሮች ነበር የሚመጣው። ስኳሩም፣ እንጨቱም፣ ገንዘቡም የመጣው በአንድ ባሕር ነው። ኤድዊንና ወራሾቹ ብድር መክፈል ካቃታቸው ሰዎች እርሻውን ከነባሪያው ወረሱ። በ1807 የዮርክሻየር (የዚህ ክፍለ ሀገር) የፓርላማ ምርጫ፣ የባሪያ ንግድ በሕግ በተከለከለበት ዓመት ማለት ነው፣ ሄንሪ የተባለው የቤተሰቡ ልጅ ንግዱን ለማስቀረት ሲታገል ከኖረው ዊልበርፎርስ ጋር ተወዳደረ። ወደ 100 ሺህ ፓውንድ ፈሰሰ፣ ተሸነፈ። ይሄው ሄንሪ በኋላ ሁለተኛው ኧርል ሆነ። ባርነት በ1833 ሕግ ሲሻር መንግሥት ካሳ ከፈለ። ለባሮቹ አይደለም፤ ለባለቤቶቹ። ሁለተኛው ኧርል ባርቤዶስና ጃማይካ ውስጥ ለነበሩት 1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ለሰዎቹ ሰባራ ሳንቲም የለም።

ቤቱ ይህን አይደብቅም። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱ ለዚህ ናቸው። የአሁኑ ስምንተኛ ኧርል በ2023 የባሪያ አሳዳሪዎች ዘሮች ካሳና እርቅ እንዲደረግ በይፋ የጠየቁበትን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። ግድግዳውም እየተለወጠ ነው። ሬይኖልድስ የሳላቸው፣ በዘመኑ ፋሽን ፀጉራቸው ላይ ዱቄት የነሰነሱ ላስልሶች ባሉበት ቤት ውስጥ የአፍሪካና የካሪቢያን ዘር ያላቸው ሰዎች ምስል እንዲሰቀል እያሠሩ ነው። የመጀመሪያው ምስል የአርተር ፍራንስ ነው፤ የሊድስ ዌስት ኢንዲያን ካርኒቫልን፣ የካሪቢያን ሰዎችን የጎዳና በዓል፣ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ቀጥሎ የተዋናዩ የዴቪድ ሄርውድ። ቅድመ አያቶቹ የዚህ ቤተሰብ ባሮች ነበሩ፤ የአባት ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ስሙን ሰጥተው ቤቱን ከለከሉት» አሉ።

አሁን ወደ ክፍፍሉ ጥያቄ። መልሱ አጭር ነው፤ አይካፈሉም። ኤድዊን በ1790 ባሮን ተባለ፣ በ1795 ልጅ ሳይተካ ሞተ፣ ማዕረጉም አብሮት ሞተ። ሀብቱ ባርቤዶስ ለተወለደው ዘመዱ ለኤድዋርድ ሆነ። እሱን በ1796 ባሮን፣ በ1812 ኧርል አሉት። ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ከአባት ወደ መጀመሪያ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። ሴት ልጅ አትወርስም። ወንድም ቢሆን ከጋብቻ በፊት ከተወለደ፣ ወላጆቹ በኋላ ቢጋቡም እንኳ፣ ማዕረጉ አይደርሰውም። ይህ የጥንት ወሬ እንዳይመስላችሁ። የአሁኑ ኧርል የመጀመሪያ ወንድ ልጅ እያለ አልጋ ወራሹ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ወላጆቻቸው የተጋቡት ከትልቁ በኋላ፣ ከትንሹ በፊት ስለሆነ።

አክስቴ ይሄ አልዋጥላቸው አለ። እኛ ዘንድ ርስት ለወንዱም ለሴቱም ይደርስ ነበር፣ ማሳው እስኪቆራረጥ ድረስ። ማዕረግ ደግሞ ሹመት ነው፤ የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ሆኖ አይወለድም። «ታናናሾቹስ ምን በሉ?» አሉኝ። ውትድርና፣ ቅስና፣ ፓርላማ፣ አለዚያ ቅኝ ግዛት፣ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቤት ሳይሸራረፍ የሚቆየው ብዙ ሰው ከበር ስለሚመለስ ነው።

እሱም ቢሆን ግብር ሲመጣ አልቻለም። ስድስተኛው ኧርል የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን ልጅ ልዕልት ሜሪን በ1922 አገባ። በ1947 ሲሞት የውርስ ግብሩ ከባድ ሆነ። መሬት ተሸጠ፣ ሥዕል ተሸጠ፣ ቤቱ በ1950 ለሕዝብ ተከፈተ። የቲሺያን ድንቅ ሥዕል ሳይቀር በ1971 ተሸጧል፤ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው። ከ1986 ጀምሮ ቤቱን የሚያስተዳድረው በጎ አድራጎት ተቋም ነው። ትኬት የምንቆርጠውም ለዚህ ነው።

የልዕልቲቱ መልበሻ ክፍል ቆንጆ ነው፣ ትንሽና ሰው የኖረበት የሚመስል። የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። አክስቴ «ቪክቶሪያ? የኛን ልጅ የወሰደችው?» አሉ። አዎ፣ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እሱ ያረፈው እዚሁ ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ውስጥ ነው፣ በኅዳር 1879፣ ገና በ18 ዓመቱ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ክፍሉን በደንብ አላዩትም።

ምድር ቤት ያለው ወጥ ቤት ግን መለሳቸው። ግድግዳው ሙሉ የመዳብ ድስት ነው፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ በየመጠኑ ተደርድሮ። «ወርቁን ተወው፣ ይሄን ማን ነበር የሚፈትገው?» አሉ። ለኔ ላይ ያሉት ትልልቅ ክፍሎች ሁሉ ከዚህ አይበልጡም። ውጭ ደግሞ በ1970 የተከፈተ የወፎች ግቢ አለ፣ ከነፔንግዊኑ። ልጅ ያላችሁ ከዚያ አትወጡም።

ኮከብ፣ ከአምስት አራት። አንዱን ያስቀረሁት ኮሞዷን መንካት ስለማይቻል ነው፤ የአናጺ ቂም በሉት። ለምትሄዱ ሰዎች፦ ቤቱ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ስለሚዘጋ ድረ ገጹን አይታችሁ ውጡ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። መጀመሪያ ቤቱን፣ ከዚያ ወጥ ቤቱን፣ መጨረሻ ወፎቹን። ቤተ ክርስቲያኗን ስትመለሱ፣ ወደ አውቶብሱ ስትሄዱ ግቡባት።