የአባዬን ቁርጭምጭሚት ላዳነልን ዶክተር

አባዬ ትናንት ያለ ክራንች ቤተክርስቲያን ደርሶ መጣ፣ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይሄን የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት የጥምቀት ሰሞን ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ብረትና ብሎን ገባለት፣ ከዛ ግን 6 ወር ሙሉ ራጅ በተነሳ ቁጥር አጥንቱ አልያዘም ነው የሚባለው። ለምን ስንል ታገሱ ከማለት ውጪ መልስ የሰጠን የለም። ዘመዱ ሁሉ ወጌሻጋ ውሰዱት እያለ ያስጨንቀናል፣ እማዬማ በስለት አለቀች።

በመጨረሻ ሰው ጠቁሞን አንድ የእግርና የቁርጭምጭሚት ኦርቶፔዲክ ሀኪምጋ ሄድን። ራጁን አየና አስቀምጦት አባዬን መጠየቅ ጀመረ፣ «አባባ በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ? የሦስት ወር ስኳርዎ ስንት ነው? ለህመሙ ምን ይወስዳሉ? ረግጠውበታል?» እኛ ከአጥንቱ ጋር ምን አገናኘው ያልነው ሁሉ ለካ ዋናው ነገር ነበር። ሲጋራው የደም ስር ያጠባል፣ ለአጥንቱ የሚያስፈልገው ደም እግር ድረስ እንደልብ አይደርስም። የሦስት ወር ስኳሩ ሲለካ 10.3 በመቶ፣ በጣም ከፍ ያለ፣ ቫይታሚን ዲው ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ። ከፋርማሲ እየገዛን ለወራት የሰጠነው ዲክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻ እንኳ ሲቆይ የአጥንቱን መግጠም ሊያጓትት እንደሚችል የነገረን እሱ ነው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላው ነው። አባዬ ገና በሁለተኛው ሳምንት አያመኝም እያለ ይረግጥበት ነበር፣ እኛም ጎበዝ እያልን ደስ ይለን ነበር፣ ለካ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ ጎድቶት ነው ህመሙ የማይሰማው።

ዶክተሩ ቶሎ ልክፈተው አላለም። «ብረቱ ደግፎ ነው የሚይዘው፣ የሚገጥመው አጥንቱ ራሱ ነው፣ ሰውነታቸውን ሳናዘጋጅ ብንከፍተው ተመልሰን እዚሁ ነን» አለን። መጀመሪያ ኢንፌክሽን እንደሌለው አየ፣ ከዛ 3 ወር ሰጠን። 40 ዓመት ያጨሰ ሰው ሲጋራ ማስተው ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ዶክተሩ ግን በየሳምንቱ ራሱ እየደወለ «አባባ እንዴት ነን?» ይለዋል፣ አባዬ እኛን እየሸወደ እሱን መዋሸት አፈረና ተወው። ስኳሩም 7.4 ገባ። ያኔ ነው ከዳሌው አጥንት ወስዶ የሞላለትና ብረቱን የቀየረለት። 3 ወር ቆይቶ በተነሳው ሲቲ ስካን አጥንቱ ይዟል፣ እማዬ እዛው ኮሪደሩ ላይ እልል አለች።

ዶክተርዬ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ኦፕራሲዮን ተደርጎ አጥንቱ አልገጥም ያለ ሰው ካላችሁ ኢንቦክስ አርጉልኝ፣ ስሙንና ክሊኒኩን እልካለሁ። ስትሄዱ የድሮዎቹን ራጆች በሙሉ፣ በሽተኛው የሚወስደውንም መድሀኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።