ዲጂታል ጌም ለቤተሰብ ለማጋራት የቱ ይሻላል? ፒኤስ5፣ ኤክስቦክስና ስዊች ጎን ለጎን

ዲስክ የገዛ ሰው ጌሙን ለወንድሙ ለማዋስ ማንንም አያስፈቅድም። አውጥቶ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ከኮንሶሉ ስቶር የተገዛ ጌም ግን የሚታሰረው ከገዛው አካውንት ጋር ነው። ማን እንደሚጫወተው፣ የት እንደሚከፈት፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊከፍተው ይችል እንደሆነ የሚወስነው የኮንሶሉ አምራች ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ደግሞ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው በጣም ይለያያል።

ብዙ ሰው ኮንሶል ሲመርጥ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስና ስለ ስቶሬጅ ነው። ማጋራት ትዝ የሚለው ሁለተኛው ኮንሶል ቤት ከገባ በኋላ ነው። ታናሽየው በራሱ ፕሮፋይል ይገባል፣ ታላቁ የገዛው ጌም ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ያያል፣ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጉዳይ ለብቻው እዩት። በተለይ ያለ ዲስክ ማስገቢያ የሚሸጡትን፣ ማለትም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስን ወይም የፒኤስ5 ዲጂታል ኤዲሽንን ላሰባችሁ፣ ጌም የምትጋሩት በዚሁ ሴቲንግ በኩል ነው።

ፕሌይስቴሽን 5

እዚህ ሁሉም ነገር የሚያርፈው በአንድ ሴቲንግ ላይ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘርስ ኤንድ አካውንትስ፣ ከዚያ አዘር፣ ከዚያ ኮንሶል ሼሪንግ ኤንድ ኦፍላይን ፕሌይ። ይህ ሲበራ በዚያ ኮንሶል ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ በራሱ ስምና በራሱ ሴቭ (ጨዋታው ላይ የደረሰበት ቦታ)፣ የእናንተን ዲጂታል ጌሞች ይጫወታል። ፒኤስ ፕላስ የሚባለው የፕሌይስቴሽን ሰብስክሪፕሽን ካላችሁ ኦንላይን መጫወቱም ለሁሉም ይከፈትላቸዋል። ሴቩን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የክላውድ ሴቭ ግን ለከፋዩ ብቻ ነው።

ሴቲንጉ ለአንድ አካውንት የሚበራው በአንድ ፒኤስ5 ላይ ብቻ ነው። ትልቁ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው የራሱ ኮንሶል ላይ ያበራውና ወንድሙ ክፍል ያለው ኮንሶል ላይ ጌሙ እንዲከፈት ይጠብቃል። አይከፈትም። ሴቲንጉ መብራት ያለበት ሌሎች ሰዎች በራሳቸው ስም በሚጫወቱበት ኮንሶል ላይ ነው። የገዛው ሰው ራሱ ይህ ሴቲንግ የግድ አያስፈልገውም። በየትኛውም ፒኤስ5 ላይ በአካውንቱ ገብቶ፣ ኢንተርኔት እስካለው ድረስ፣ ጌሙን ይከፍታል። ስለዚህ ሁለት ፒኤስ5 ያለው ቤት እንዲህ ያደርጋል፤ የታላቁ አካውንት በታናሹ ኮንሶል ላይ ይገባና ሴቲንጉ እዚያ ይበራል። ታላቁ በራሱ ኮንሶል ላይ በራሱ አካውንት ይጫወታል። አንድ ጊዜ የተገዛ ጌም ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ እርስ በርስም ጭምር ይጫወቱታል።

ይህ አሠራር የሚያስከፍለው ነገር አለ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ታላቁ በራሱ ኮንሶል ላይ የገዛውን ጌም መክፈት አይችልም፤ ላይሰንሱ (የመጫወት ፈቃዱ) በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበትና። ታናሹ ግን ምንም አይሆንም፤ ያለ ኢንተርኔት ይጫወታል። መስመሩ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥበት ቤት ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ፒኤስ5 ከሁለቱ የሚበልጥበት አንድ ነገርም አለ። የፒኤስ4 ሴቲንግ ለብቻው ነው። አንድ አካውንት አንድ ፒኤስ5 ላይ ማጋሪያውን አብርቶ፣ ሌላ አንድ ፒኤስ4ን ደግሞ ፕራይመሪ (በፒኤስ4 የዚሁ ማጋሪያ ስም) ማድረግ ይችላል። አሮጌው ፒኤስ4 ገና የሚሠራላችሁ ከሆነ ለመሸጥ አትቸኩሉ። በፒኤስ4 ለተሠሩት ጌሞች እንደ ተጨማሪ የማጋሪያ ቦታ ያገለግላችኋል።

የቁልፍ ምልክቱ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ጌሙን የገዛው የትኛው አካውንት እንደሆነ አረጋግጡ። ቤት ውስጥ ሦስት አራት ፕሮፋይል ካለ ይህ በቀላሉ ይምታታል። ቀጥሎ በዚያ አካውንት ገብታችሁ ማጋሪያው እዚህ ኮንሶል ላይ መብራቱን እዩ። በርቶም ካልከፈተ፣ እዚያው አዘር የሚለው ውስጥ ሪስቶር ላይሰንስስ የሚል አለ። እሱን ንኩና ኮንሶሉን አጥፍታችሁ አብሩት። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይፈታል። ማጋሪያው የበራበት ኮንሶል ከእጃችሁ ከወጣ ደግሞ በድረ ገጹ በኩል ሁሉንም ኮንሶሎች በአንድ ላይ ማስወጣት ይቻላል፤ ግን በ6 ወር አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

ኤክስቦክስ

ሐሳቡ ከፒኤስ5 ጋር አንድ ነው። ስሙ ሆም ኤክስቦክስ ይባላል። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ማይ ሆም ኤክስቦክስ። ሆም በሆነው ኮንሶል ላይ ሁሉም ሰው የባለቤቱን ጌሞች ይጫወታል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ባለቤቱ በሌላ ኮንሶል ላይ በአካውንቱ ይገባል። ከላይ የነገርኳችሁ የማቀያየር ዘዴ እዚህም እንዳለ ይሠራል።

ልዩነቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሆም የሚሆነው ኮንሶል ከኤክስቦክስ ዋን እስከ ሲሪስ ኤክስና ኤስ ድረስ አንድ ብቻ ነው። እንደ ፕሌይስቴሽን አሮጌውንና አዲሱን ለየብቻ መያዝ የለም። ሁለተኛ፣ ሆምን መቀየር የሚቻለው በ12 ወር ውስጥ 5 ጊዜ ነው። ችግር ለመፍታት እያላችሁ ሆሙን ደጋግማችሁ አብሩ አጥፉ ካላችሁ ኮታው ያልቅና ወራት ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ሆም መቀየር የመጨረሻው ሙከራ ይሁን። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን፣ ከዚያ የገዛውን አካውንት፣ ከዚያ ኮንሶሉን አጥፍቶ ማብራትን ሞክሩ። ሦስተኛው ጌም ፓስ፣ ማለትም ከፍላችሁ ብዙ ጌም የምትጫወቱበት የኤክስቦክስ ሰብስክሪፕሽን ነው፤ ለእኔ ኤክስቦክስን ለቤተሰብ አጓጊ የሚያደርገው እሱ ነው። አንዱ የቤቱ ሰው ጌም ፓስ አልቲሜት ከከፈለ፣ በሆም ኮንሶሉ ላይ ያሉት ሁሉ የኮንሶል ጌሞቹንም ኦንላይን መጫወቱንም ያገኛሉ። የክላውድ ሴቭም እዚህ ለሁሉም ነፃ ነው፣ ሰብስክሪፕሽን አይጠይቅም።

ጌሙን የገዛው ሰው መግባት አለበት የሚል መልእክት ካያችሁ ትርጉሙ ቀላል ነው። ወይ ይህ ኮንሶል የገዢው ሆም አይደለም፣ ወይ ገዢው በዚህ ሰዓት አልገባም። አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ከአንድ ኤክስቦክስ በላይ ላይ መግባት እንደማይችልም ልብ በሉ። ታላቁ በራሱ ኮንሶል ሲገባ ታናሹ ጋ የነበረው የታላቁ አካውንት በራሱ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ብልሽት ይመስለዋል። ብልሽት አይደለም። ታናሹ በራሱ አካውንት ይጫወት፣ ያኔ ማንም ማንንም አያስወጣም።

ኒንቴንዶ ስዊች እና ስዊች 2

ኒንቴንዶ በ2025 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መንገዱን ቀይሯል። ከ20.0.0 ሲስተም አፕዴት ጀምሮ ዲጂታል ጌሞች ቨርቹዋል ጌም ካርድ ሆነዋል። በመጀመሪያው ስዊችም በስዊች 2ም ይሠራል። ካርዱን ከአንዱ ኮንሶል አውጥታችሁ ሌላው ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ካርድ። የተጫነበት ኮንሶል ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ይጫወተዋል፣ ያለ ኢንተርኔትም ጭምር። አንድ አካውንት በዚህ መንገድ የሚያገናኘው ሁለት ኮንሶል ነው። መጀመሪያ ሲገናኙ ሁለቱ ኮንሶሎች ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ካርዱን ማዘዋወር በኢንተርኔት ይሆናል።

ማዋስ ደግሞ ሌላ ነው። እስከ 8 ሰው የሚይዝ የቤተሰብ ግሩፕ ትሠራላችሁ። ከግሩፑ ውስጥ ላለ ሰው አንድ ጌም ለ14 ቀን ታውሳላችሁ። ቀኑ ሲያልቅ ካርዱ በራሱ ተመልሶ ይመጣል። የተዋሰው ሰው ሴቭ አይጠፋም፤ ጌሙን ድጋሚ ሲዋስ ወይም ሲገዛ ካቆመበት ይቀጥላል። በጣም የምወደው ነገር ፓስዎርዳችሁን ለማንም አለመስጠታችሁ ነው። በሌሎቹ ላይ ለማጋራት አካውንታችሁ የሌላው ሰው ኮንሶል ላይ መግባት አለበት፤ የተያያዘ የባንክ ካርድ ካለም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ያ ስጋት የለም።

ነገር ግን አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ነው። ሁለት ልጆች አንዱን ጌም ከፍተው አብረው እንዲጫወቱ ከፈለጋችሁ፣ እንደ ልማዱ ሁለት መግዛት ነው። ስዊች 2 ላይ ጌምሼር የሚባል ነገር ይህን በከፊል ያቃልላል፤ አንዱ የገዛውን ጌም አጠገቡ ካሉት ጋር ለጊዜው ያካፍላል። የሚሠራው ግን ይህን በሚደግፉ ጌሞች ላይ ብቻ ነው። ኦንላይን ሰብስክሪፕሽኑም ይለያል። የግለሰብ ከገዛችሁ ለዚያ አካውንት ብቻ ነው፣ ኮንሶሉ ላይ ላሉት ሌሎች አይተላለፍም። ለሁሉም እንዲሆን የቤተሰቡን መግዛት አለባችሁ፣ እሱም እስከ 8 አካውንት ይይዛል።

ማዋስ እምቢ ሲል መጀመሪያ ሁለቱም ኮንሶሎች አፕዴት መደረጋቸውን እዩ። ከዚያ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ፤ ማዋሱ የሚሆነው በቅርብ ግንኙነት ነው፣ ሌላ ከተማ ላለ የአጎት ልጅ አይደርስም። ኤርፕሌን ሞድም ጠፍቶ ይሁን። የሚዋሰው ሰው ከእናንተ የተዋሰው ሌላ ጌም በእጁ ካለም መጀመሪያ ያንን ይመልስ፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነው የሚፈቀደው።

እንግዲህ የቱን?

ሁለት ኮንሶል ለመያዝ ካሰባችሁና ልጆቹ አንድ ጌም አብረው የሚጫወቱ ከሆነ ፒኤስ5 ወይም ኤክስቦክስ። በሁለቱ መካከል ስመርጥ፣ ጌም እየመረጠ የሚገዛና አሮጌ ፒኤስ4 ያለው ቤት ፒኤስ5 ይውሰድ። በየወሩ ከፍሎ ብዙ ጌም መቃመስ የሚወድ ቤት ኤክስቦክስ ይውሰድ። ሦስትና ከዚያ በላይ ኮንሶል ላለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጨርሶ ለሚቀባበል ቤተሰብ ግን ስዊች ያለ ጥርጥር ይመቻል። አንድ ኮንሶል ብቻ ለሚኖረው ቤት ይህ ሁሉ ብዙም ለውጥ የለውም፤ በሌላ ነገር ምረጡ።

የቱንም ብትገዙ እንደ ማጋራት ችግር የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ነገሮች አሉ። የልጅ አካውንት ላይ የዕድሜ ገደብ ካለ ጌሙ ይዘጋል። ላይሰንሱን ስታፈላልጉ ከመዋላችሁ በፊት የወላጅ ሴቲንጉን እዩ። ዲኤልሲ (ለጌሙ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ይዘት) ደግሞ፣ በተለይ ፕሌይስቴሽን ላይ፣ ከጌሙ ጋር አንድ ሪጅን (የስቶሩ አገር ወይም ክልል) መሆን አለበት፤ ከሌላ ሪጅን ስቶር የተገዛ ዲኤልሲ ጌሙን ላያውቀው ይችላል። ጌም ውስጥ የሚገዛ ገንዘብም አይጋራም፣ የገዛው አካውንት ላይ ይቀራል።

ያገለገለ ኮንሶል ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሻጩ ብዙ ጌም ተጭኖበታል ብሎ ዋጋ ሲጨምር፣ ጌሞቹ ዲጂታል ከሆኑ የሻጩ አካውንት ናቸው። ነገ ማጋሪያውን ሌላ ኮንሶል ላይ ሲያበራው፣ ወይም ሆሙን ሲቀይር፣ እናንተ ጋ ያለው ሁሉ ይቆለፋል። ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም። ስለዚህ ለኮንሶሉና ለዲስኮቹ ብቻ ተደራደሩ፣ ከዚያ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን አውጥቶ ኮንሶሉን ሪሴት ያድርገው። ሻጮቹ እናንተ ከሆናችሁም ከማስረከባችሁ በፊት ማጋሪያውን ራሳችሁ እዚያው አጥፉት።