ለቀበቶዎቹ ልጆች፦ እግዜር ይስጥልን፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይር

የደሴ ሰዎች፣ ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህን የምንጽፈው የእንጨት ሥራ ቤት ያለን አናጢዎች ነን። ከልጆቹ ጋር ዝምድናም ሽርክናም የለንም። የሠራነውን ዕቃ ሳይሰብሩ ደንበኛ ቤት ሲያደርሱልን ከርመው ዝም ማለት ነውር ሆኖብን ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አራት ልጆች አሉ፤ ብርቱካንማ ሰፊ የሸክም ቀበቶ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የሚቆሙት። ቁም ሳጥን ይሁን ቡፌ፣ ፍሪጅ ይሁን ማጠቢያ ማሽን፣ ቤት የምትቀይሩ ሁሉ እነሱን ጥሯቸው።

ስም አናነሳም እንጂ ከእነሱ በፊት ከነበሩት ተሸካሚዎች ያየነው ያስለቅሳል። ባለ ሦስት በር የዋንዛ ቁም ሳጥን 100 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም፤ መስታወት ካለው ይበልጣል። ይህን ዕቃ ወለል ለወለል ይጎትቱታል። የቁም ሳጥን እግር የሚሠራው ከላይ የመጣን ክብደት ቀጥ ብሎ እንዲቀበል ነው። ወደ ጎን ሲጎተትና የበር ደፍ ሲይዘው መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ኮላው ይላቀቃል። ችፑድ ሲሆን ይብሳል፤ ብሎኑ ቀዳዳውን አፍርሶ ይወጣና ያ ቀዳዳ ዳግመኛ ብሎን አይዝም። «ድሮም ላልቶ ነበር» ይሏችኋል። በሩን ሳይነቅሉ ያነሱትና ደረጃ መሃል በራሱ ተከፍቶ ማጠፊያውን ይገነጥላል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ዋጋ ተስማምተው ጀምረው፣ ሁለተኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ዕቃውን ቁጭ አድርገው «ይሄማ ከባድ ነው፣ ጨምሩ» የሚሉት ነገር ነው። ዕቃው ደረጃውን ዘግቶ፣ ጎረቤት ከላይም ከታችም ቆሞ እየጠበቀ፣ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ይጨምራል። ጨምሮም እግሩ የተሰበረ ዕቃ ይረከባል፤ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ለእኛ።

እነዚህ ልጆች ሲመጡ ከሁሉ በፊት የሚያወጡት ሜትር ነው። ዕቃውን ይለካሉ፣ በሩን ይለካሉ፣ የደረጃውን ማረፊያ ይለካሉ፣ ጣሪያውንም ይለካሉ። ጣሪያ ለምን? ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ የሆነ ቁም ሳጥን ተኝቶ ገብቶ ሲቆም ማዕዘኑ 2 ሜትር ከ18 ገደማ ይደርሳል። ኮርኒሱ ዝቅ ባለ የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ግማሽ ላይ ይነክሳል፣ ኮርኒሱንም ይቀድዳል። ይህን ቀድመው ካዩ ዘውዱን ወይም እግሩን እዚያው ይፈቱታል። ካቻቪቴያቸው ከኪሳቸው አይጠፋም፤ የተፈታውን ብሎን በፌስታል ቋጥረው የበሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥሉታል። በዚህ አገር ስንት ቁም ሳጥን በአንድ ብሎን መጥፋት ዘሞ እንደቀረ እኛ እናውቃለን።

ስለ ቀበቶው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን እንንገራችሁ። ሁለት ዓይነት ነው። የክንዱ ሁለት ጠፍር ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ80 ያህል ርዝመት፣ ከ7 ሴንቲ የሚበልጥ ስፋት፣ በየጫፉም የተሰፉ ሦስት ሦስት ቀለበቶች አሉት። ዕቃውን በአንድ ጎን ቀና አድርገው በሥሩ ያሳልፉታል። እንደ ማጠቢያ ማሽን ላለ ዕቃ ሁለቱን ጠፍር ከሥር በመስቀልኛ ያነባብሩታል፣ ወደ ጎን እንዳይሾልክ። ከዚያ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው ክንዳቸውን በቀለበቱ ያስገባሉ። ቀለበቱ የሚያርፈው ክርን አጠገብ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ ካረፈ አንጓው ይታመማል፣ እጅም ይደነዝዛል። መዳፋቸው ክፍት ሆኖ ዕቃውን ይደግፋል እንጂ አይሸከምም። ቀለበት የሚመረጠው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ዕቃው ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ብቻ እንዲነሳ ነው። ወደ ዕቃው የቀረበው ቀለበት ያሳጥራል፣ የራቀው ያስረዝማል። ከጋት በላይ ከፍ ካለ ይወዛወዛል፤ ዝቅ ካለ ደፍ ይይዘዋል።

የትከሻው ማንገቻ ግን እንደ ጀርባ ቦርሳ ይለበሳል፤ አንድ ረጅም ጠፍር በዕቃው ሥር አልፎ በሁለቱም ሰዎች ደረት ላይ በዘለበት ይያዛል። ለረጅም ቡፌ የክንዱ ስለሚያጥር ይህንን ያወጣሉ።

ቀበቶ ክብደት አይቀንስም፤ 100 ኪሎ ለሁለት ሰው ያው 50 ከ50 ነው። የሚያደርገው ሸክሙን ከጣትና ከተጎነበሰ ወገብ አንስቶ ጭንና ጉልበት ላይ ማዋል ነው። እሱም በትክክል ከተያዘ። ሁለቱ ሰዎች ከዕቃው ርቀው ከቆሙ ጠፍሩ ይጋደማል። 45 ዲግሪ ሲጋደም 50 ኪሎ የነበረው ክንድ ላይ 70 ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ልጆቹ ዕቃውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚሄዱት። ከሩቅ ሲታይ ዕቃውን አቅፈው የሚጨፍሩ ይመስላል።

በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ለአንዲት እናት የእኛን ቁም ሳጥን ሲያወጡ ያየነውን ሳንናገር አንለፍ። በሮቹን ነቅለው፣ ጠፍሩን አሳልፈው ከጨረሱ በኋላ መሪያቸው ጣቱን በጠፍሩና በእንጨቱ መሃል አስገብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ያረጀ የጋቢ ቁራጭ አጥፎ እዚያ ሸጎጠ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ብለው ሁለት ጣት ያህል አነሱትና ወዲያው መልሰው አስቀመጡት። «ቀኙ ከበደ» አለ፤ ጠፍሩን አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ ገፋው። እውነቱን ነው፤ መሳቢያ የገባው በቀኝ ጎኑ ነው። ያንን እኛ አልነገርነውም። ደግመው ሲያነሱት ዕቃው ውሃ ልክ እንደተያዘለት ቀጥ ብሎ ወጣ።

ደረጃ ላይ ረጅሙና ጉልበተኛው ከታች ይሆናል፣ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል። ሦስተኛው ልጅ ሳይሸከም ከጎን ሆኖ «ደረጃ፣ ደረጃ፣ ማረፊያ» እያለ ይጠራል፤ ተሸካሚው እግሩን ማየት አይችልማ። አንድ ደረጃ ወጥተው ሁለቱም እግራቸውን ሳያጋጥሙ ቀጣዩን አይረግጡም። ማረፊያ ላይ ሲዞሩ ዕቃውን አሳርፈው፣ ክንዳቸውን ከቀለበቱ አውጥተው፣ ቦታ ቀይረው እንደገና ይገባሉ። ክንድ ታስሮ መዞር ነው ሰው የሚጥለው።

እኚያ እናት አንድ አሮጌ ሳጥን ነበረቻቸው፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ማንም እንዲከፍተው የማይፈልጉት። ሌላ ቢሆን «የውስጡ ዕቃ ካልወጣ አይነሳም» ይላል። መሪው ግን «አብሽሩ እማማ፣ አይከፈትም» አለና ሥሩ እንዳይረግፍ ጣውላ አንጥፎበት፣ ጠፍሩን በጣውላው ሥር አሳልፎ ከነሙላቱ አወጡት። ጨምሩ አላሉም። «እደጉ፣ ተመንደጉ» ሲሏቸው ግን አራቱም እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

ራሳችሁ ቀበቶ ገዝታችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ስፌቱ የተተረተረ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ጠፍር አትንኩ፤ ፀሐይ ላይ ከርሞ የነጣና የደረቀም አቅሙ ተዳክሟል። ረዘመብኝ ብላችሁ አትቋጥሩት፤ ቋጠሮ ጠፍርን በጣም ያዳክማል፣ ለማሳጠር ቀለበቱ አለ። ጠፍሩን ክንዳችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ዕቃው ሲወድቅ ይዟችሁ ይወርዳል። የፍሪጅና የማሽን ሥር የቆርቆሮ ጠርዝ ስላለው ካርቶን ሳይደረግበት ጠፍር ይቆርጣል። እግር ያለው ዕቃ ከሆነ ጠፍሩ በእግሮቹ መሃል፣ ከታችኛው ወፍራም እንጨት ሥር ይግባ፤ ከኋላ ያለው ኮምፔንሳቶ ምንም አይሸከምም። በክረምት ደግሞ ጭቃና ጉም ያረጠበው ጠፍር ስለሚያንሸራትት ልጆቹ ደረቅ ሌላ ጥንድ በማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ በካልሲ ግን አይሸከሙም፣ ትክክልም ናቸው።

ፍሪጅ ካላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ነቅላችሁ በረዶው ይቅለጥ፣ በሩ በፕላስተር ይታሰር። ሁልጊዜ ቆሞ ይሂድ። ተጋድሞ ከሄደ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይገባል፤ ሲደርስ ቆሞ ማደር አለበት፣ ወዲያው ሶኬት ውስጥ አትክተቱት። ልጆቹ ይህን ሳይነግሯችሁ አይሄዱም።

ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ፣ ሐረጎን ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ከኢሱዙው ጎን ዕቃውን ያላትመዋል። ልጆቹ የሸክም ቀበቶውን መኪና ላይ ለማሰር አያውሉትም፤ ለዚያ ገመድ ይዘው ይመጣሉ፣ በዕቃና በዕቃ መሃልም ፍራሽ ያስገባሉ። ዋጋቸውን ዕቃውን ካዩ በኋላ አንዴ ይናገራሉ፤ ደረጃ ላይ አይለወጥም። ርካሽ አይደሉም። እኛ ግን እነሱን ካገኘን ወዲህ የተሰበረ እግር ለመጠገን ዕቃ ወደ ሥራ ቤታችን አልተመለሰም።

ጀዛኩሙላሁ ኸይር ልጆች፣ ወገባችሁን ይጠብቅላችሁ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ አይገኙም፤ በሌላው ቀን ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሂዱ። የዕቃውን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት፣ የበራችሁንም ስፋት ለክታችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።